በጥሎሹ ወርቅ ላይ ያለው ማን ነው?

እኛ ከወርቅ ጋር ያለን ወዳጅነት ብዙ ምርመራ የሌለበት ነው። ወርቅ ሲሰጠን መጀመሪያ በመዳፋችን እንመዝነዋለን፤ ቀጥለን «ስንት ካራት ነው?» እንላለን፤ ከዚያ የገዛውን ሰው ወይ እንመርቀዋለን ወይ በሆዳችን እናማዋለን። አለቀ። ወርቁ ላይ ምን እንደተቀረጸ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አበባ ይሁን ዓሣ፣ ልብ ይሁን ቅጠል፣ ዋናው ነገር ቢጫ መሆኑ ነው። እናንተም ብትሆኑ አሁን ጣታችሁ ላይ ያለው ቀለበት ምን ዓይነት ሐረግ እንዳለበት ሳታዩ ተናገሩ ብትባሉ መንተባተባችሁ አይቀርም። አትፍሩ፣ አልጠይቃችሁም።

ሳንቲም ደግሞ ከጌጥም የባሰ ነው። በየመኪናችን ውስጥ የሚንኳኳው የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ግራ ነው የሚያየው ወደ ቀኝ? እዚህ አገር ስኖር ጸጉሬ ሸብቷል፤ አላውቅም። ልጄን ብጠይቀው ከስልኩ ቀና ሳይል «ዳዲ፣ ማነው ሳንቲም የሚይዘው?» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ሆነን እየኖርን ነው አንድ ቀን ፕሌኖ በምትባል ከተማ አንድ ሳሎን ሙሉ ሰው በአንዲት የጥንት የሮማውያን ወርቅ ላይ ዐይኑን አፍጥጦ «ይሄ ማን ነው?» ሲል ያመሸው። እኔም ከአፍጣጮቹ አንዱ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ሥራዬ ግሬፕቫይን ከሚገኝ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ ማመላለስ ነው። በአበሻው ዘንድ ግን ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌነቱ እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ክራባት ማሰር እችላለሁ፣ ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ ለዚህ ከተማ ይህ ሳይበቃ አይቀርም። ለዚህኛው ጋብቻ የተመረጥኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሙሽራው ናሆም የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነው፤ ሙሽሪት ፌቨን ደግሞ የጴንጤ ቤት ልጅ ናት። እኔ በአንደኛው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄ፣ በሌላኛው ሚስቴን አግብቼ፣ እሑድ እሑድ ሥራ የምገባ ሰው ስለሆንኩ «አንተ ገለልተኛ ነህ» ተባልኩ። ገለልተኛ ማለት ሁለቱም ወገን እኩል የሚጠረጥሩት ሰው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የፌቨን እናት ወይዘሮ ታደለች ነርስ ናቸው፤ በአማርኛ ቸርቻቸው የጸሎት ቡድን ይመራሉ። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ይህችን አንድ ልጅ ለብቻቸው ነው ያሳደጓት። ለሽምግልና ስንሄድ ብዙም አላስቸገሩን፤ ሠርጉ እሳቸው ቸርች እንዲሆን ከተስማማን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። «ልጄን እሰጣችኋለሁ፤ እምነቷን ግን እንዳትነኩብኝ» አሉ። ሁላችንም «እንዴት ተደርጎ!» አልን። የናሆም አጎት ጋሽ ተካም አሉ። ጋሽ ተካ በማኅበራቸው የታወቁ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ የማይገቡ የሚካኤል ወዳጅ ናቸው፤ ቃሉን የተናገሩት እንደ መራራ ኪኒን እየዋጡ ነበር።

አሁን ወደ ወርቁ። ናሆም ፍሪስኮ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ግን የአሮጌ ሳንቲም ፍቅር ይዞታል። እኛ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሳንቲም ነጋዴዎች ገበያ ዘርግተው ሳለ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ና እየኝ፣ ማለቴ ይምጡ፣ ለጥሎሽ የሚሆን ወርቅ አገኘሁ» አለ። ሄድኩ። ነጋዴው አንዲት ስስ ክብ ወርቅ በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ አጉሊ መነጽር ዘረጋልኝ። እኔም እንደ ወገኔ «ስንት ካራት ነው?» አልኩ። «ጋሼ፣ ፒዩር ነው ማለት ይቻላል» አለኝ ናሆም። ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ ብዬ መረቅሁት፤ አጉሊ መነጽሩን ለባለቤቱ መልሼ ወደ ሚኒባሴ ሮጥኩ፤ እንግዶች እየጠበቁኝ ነበር። ሣሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ ማለት ይኸው ነው።

የጥሎሹ ቀን ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ ዋለ። የወይዘሮ ታደለች ሳሎን በሰው ተሞልቷል፤ እነሱ በዚህኛው ሶፋ፣ እኛ በዚያኛው። በልማዳችን ሙሽራው ጥሎሹ ሲታይ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ናሆም መኪናውን መንገዱ ዳር ፓርክ አድርጎ ውስጡ ተቀምጧል። ሙሽሪትም ፎቅ ላይ ናት። ሻንጣውን የሚከፍተው ሚዜው ዮናስ ነው። ዮናስ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን በእንግዳ ሰው ፊት የማይናገር ልጅ ስለሆነ ላብ በላብ ሆኗል። «ይሄ... ቀሚስ ነው» አለ የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ። እልል ተባለ። «ይሄ ደግሞ... ሌላ ቀሚስ።» እልልታው ጨመረ፤ የሙሽሪት አክስቶች «ይጨመር! ይጨመር!» እያሉ ልጁን አስጨነቁት። ጫማው አለፈ፣ ሽቶው አለፈ። በመጨረሻ ትንሿ ሳጥን ወጣች። ወርቋ ዙሪያዋን በቀጭን ክፈፍ ታቅፋ፣ ሰንሰለት ተደርጎላት ተኝታለች።

ወይዘሮ ታደለች መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አሉ።

«ንጉሥ ነው፣ የሮም» አለ ዮናስ። «ማለቴ... አሁን ሞቷል።»

«መሞቱንስ ባትነግረኝም እገምታለሁ፣ ልጄ።»

ሳቅ ሆነ። ሰውዬው የራስ ቁር ደፍቶ፣ ጦር በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ ያያል። «ዐይኑ የአጎቴን ይመስላል» ያለችም ነበረች። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን ወግ ባልጻፍኩ ነበር። ወይዘሮ ታደለች ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ ወርቁን ገለበጡት። በጀርባው በኩል ክንፍ ያለው አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በአንድ እጁ ረጅም መስቀል፣ በሌላ እጁ ኳስ የሚመስል ነገር ይዟል፤ ጎኑ ላይ ኮከብ አለ።

ጋሽ ተካ ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «ሚካኤል!» አሉ። አማተቡ። ማንም ሳይከለክላቸው ወርቁን ከወይዘሮ ታደለች እጅ ወስደው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት። «ልጄ፣ ልጄ! ሳይነግረን ጠባቂ መልአክ ይዞላት መጣ!» ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እልልታው ከእኛ ሶፋ ጫፍ ተነሥቶ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። በወዲያኛው ሶፋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ወይዘሮ ታደለች አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወርቁን መልሰው ተቀበሉና ወደ ሳጥኑ ሳያስገቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እኛ ቤት ሥዕል እንደማንሳለም ታውቃላችሁ» አሉ በቀስታ። «በአፋችሁ እሺ ያላችሁትን በአንገቷ ልታፈርሱብኝ ነው? ዛሬ አንገቷ ላይ፣ ነገ ግድግዳዋ ላይ፣ ከዚያ እሷም አብራችሁ ትሄዳለች። ነገሩ እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ይቅርብን።» የተጠሩት እንግዶች፣ የተከራየነው አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ ፎቅ ላይ ጆሮዋን የቀሰረችው ልጅ በዐይኔ ዞሩ። ሁሉም ሰው ደግሞ እኔን ያየኛል። ገለልተኛው እኔ ነኝ።

እኔም አሰብኩ። ጠቡ የመጣው መልአክ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ መልአክ ካልሆነ ጠብ የለም። እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ በሕይወቴ መጥቶልኝ አያውቅም። መልአክ አለመሆኑን ሊነግረን የሚችለው ደግሞ መኪና ውስጥ ያለው ሙሽራ ብቻ ነው። ለናሆም ኮል አደረግሁና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ ለብቻችሁ ትሰሙት ነበር፤ አውቃለሁ።

«ናሆም፣ ይሄ ክንፍ ያለው ማን ነው? መልአክ አይደለም፣ አይደል?»

«ኦ፣ ጋሼ... ኮምፕሊኬትድ ነው» አለ። የሚያውቀውን ነገር ሲጠየቅ ደስ እንደሚለው ሰው ድምፁ ፈካ። «ማለቴ፣ ድሮ ጣዖት ነበረች። ሴት። የድል አምላክ። ሮማውያን ሁልጊዜ ወርቃቸው ላይ ያደርጓታል። ሶ፣ ከዛ ክርስቲያን ሆኑ፣ ኦኬ? ግን አልጣሏትም፣ መስቀል አስያዟት። ከዛ ቀስ በቀስ ወንድ አደረጓት፣ መልአክ ሆነች፤ ማለቴ ሆነ። ዙሪያው ላይ የተጻፈውን ግን ቼንጅ አላደረጉም፤ አሁንም የእሷ ስም ነው። ሶ፣ ሁለቱንም ነው። ኩል ነው አይደል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ተካ መሐረባቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን መጥረግ ጀመሩ። «ጣዖት? የተሳለምኩት?» ይላሉ፤ ይጠርጋሉ፤ ደግመው ይጠርጋሉ።

ወይዘሮ ታደለች ግን ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ናሆም ልጄ፣ እኔ ነኝ። ይህቺ ጣዖት፣ አሁን የሚሰግድላት ሰው አለ?»

«ኖ፣ እማማ። ማንም የለም። ሺ ምናምን ዓመት ሆነ።»

«እንግዲያው ይሻላል» አሉና ትከሻቸው ሲላላ አየሁ።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። የጸሎት ቡድን መሪ በጣዖት ስትጽናና ማየት በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የሞተ ጣዖት ልጅ አይወስድም። የጎረቤት መልአክ ግን ሊወስድ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ተካ ኮታቸውን ያዙ። «እኛ ጣዖት ተሸክመን ሰው ቤት አንገባም! መልአክ ከሆነ መልአክ ነው በሉኝ፤ ካልሆነም የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ እኔን እንዳትጠብቁኝ!» የናሆም አባት አገር ቤት ስለሆኑ በአባት ቦታ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ፍረዱኝ። ለአንደኛዋ ጣዖት፣ ለአንደኛው መልአክ ማድረግ አለብኝ፤ ወርቁ ግን አንድ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ወደ ጋሽ ተካ ጆሮ ጠጋ ብዬ «መልአክ ነው፣ ልጁ አያውቅም» አልኳቸው፤ ዞሬ ደግሞ ለወይዘሮ ታደለች «ጣዖት ናት፣ አያስቡ» አልኩ። ሳሎኑ ሰፊ አይደለም። ሁለቱም ሁለቱንም ሰሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግረኛል። አንዷ አክስት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ዙም አደረገችው፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። «ጡት አላት፣ ሴት ናት» አለች። ሌላዋ «የልብሱ እጥፋት ነው እንጂ ምን ጡት አለው!» አለች። «የያዘው ኳስስ?» ተባለ። ዮናስ ዓለም እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሰሚ አጣ። እንዲህ ሴትነትና ወንድነት ሲመረመር ፊታቸውን ያዞሩም ነበሩ። እኔ ልክ እንደ ሽማግሌ አገጬን ይዤ «እህ» እያልኩ ነበር፤ በውስጤ ግን ያን ነጋዴ አጉሊ መነጽሩን ለምን መለስኩለት እያልኩ ራሴን እረግማለሁ።

በሩ ተከፈተና ናሆም ገባ። ስልኩን ሳልዘጋው ኖሮ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቷል። ሙሽራ ጥሎሹ ላይ መግባቱ ነውር ነው፤ ግን ማንም ነውሩን ለመቁጠር ጊዜ አላገኘም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ቆመ።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ታደለች፣ «ወርቅ ጠፍቶ ነው? ለምን ይሄን መረጥክ?»

ናሆም ወደ ደረጃው አየ። መልሱ ከዚያ መጣ።

«እማ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት።» ፌቨን ነበረች። ጸጉሯ ገና እየተሠራ፣ ግማሹ ተለቅቆ፣ ደረጃው መሃል ላይ ቆማለች። «ገበያው ላይ ሆኖ ናሆም በስልክ አሳየኝ፤ ሻጩ ስለ እሱ ኤክስፕሌን አደረገልኝ። ሰዎቹ... ማለቴ ወርቁን የሠሩት፣ የትኛው እንደሆነ እነሱም አያውቁም። የድሮውን ጥለው አልመጡም፣ አዲሱንም ይዘው አልጨረሱም። እኔም እንደዛ ነኝ እማ። የናሆም ቤት ስሄድ አንድ ዓይነት ሰው ነኝ፣ ቸርች ሌላ ዓይነት፣ ሥራ ቦታ ደግሞ ሌላ። ሶ፣ ሳየው... ወደድኩት።»

ወይዘሮ ታደለች ከሶፋው ተነሡ። «አታውቂም?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ጸልየን አታውቂም?»

«ጌታን አውቃለሁ፣ እማ። ሌላውን ነው የማላውቀው።»

ሳሎን ሙሉ ሰው ሲከራከር ያን ያህል አልነካኝም፤ ልጅ ለእናቷ እውነቱን ስትነግር ማየት ግን ከባድ ነው። ጋሽ ተካም ኮታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔም ፈጥኜ የሕይወቴን ብቸኛ ፍርድ ሰጠሁ። «ወርቁ ሁለት ገጽ አለው» አልኩ። «ንጉሡ ወደ ውጭ ይሁን። ንጉሥ ሞቷል፤ የማንም ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለም። ባለ ክንፉ ወደ ደረቷ ይዙር። ጋሽ ተካ፣ መልአክ ለሚሉት እርስዎ ወደ ልቧ ቀርቦላታል። እትዬ ታደለች፣ ጣዖት ለሚሉት እርስዎም ማንም አያያትም።» ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ተረት ሮም ድረስ ተሰምቶ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ እልል ተባለ፤ ደክሞት የቆየ እልልታ ነበር፣ ግን እልልታ ነው።

ፍርዴን ያላከበረው ወርቁ ብቻ ነው። ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለ ክብ ነገር ሽማግሌ አይሰማም። በሠርጉ ዕለት ዝማሬው ደምቆ ሙሽሪት እጇን ስታነሣ ባለ ክንፉ ብቅ አለ፤ ወይዘሮ ታደለች ቬሏን የሚያስተካክሉ መስለው ሄደው ገለበጡት። እራት ላይ ጋሽ ተካ ልጅቷን ሊመርቁ ጠጋ ሲሉ ጣታቸው ሰንሰለቱን ነካ፤ ንጉሡ ጠፋ። እንዲህ ሲገላበጥ አመሸ። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ተራው የማን እንደሆነ ስከታተል ዶሮው በረደብኝ።

አሁን ስለ ድል አድራጊው ትጠይቁኛላችሁ፤ ልጅቷን የቱ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት? ሁለቱም አልወሰዷትም። ባልና ሚስቱ ፍሪስኮ ውስጥ ከቤታቸው አጠገብ አንድ የፈረንጅ ቸርች አገኙና እሑድ እሑድ የወረቀት ኩባያ ይዘው እዚያ ይገባሉ። ጋሽ ተካ ሲሰሙ ለወይዘሮ ታደለች ደወሉ፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። «ከነጫማቸው ይገባሉ አሉኝ!» አሏቸው። እሳቸውም «ስብከቱ ተጀመረ ሳይባል ያልቃል፤ አንድ ቃል አማርኛ የለውም!» አሉ። ይኸው እስካሁን ይደዋወላሉ። እኔ ልሠራው ያልቻልኩትን ዕርቅ ያ የፈረንጅ ቸርች ሠራው።

ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት በር ላይ እንግዳ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ታደለች ናቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ልጄ ጠየቁ፤ ሌላ ነገር እንደፈለጉ ገብቶኛል።

«ፌቨን በዚያ ሃይዌይ ጠዋትና ማታ ትመላለሳለች» አሉ። «ብደውል አታነሣም፤ ሥራ ላይ ነኝ ትላለች። ወርቁን ግን አታወልቀውም አሉ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድሜ፣ አንተ ገለልተኛ ነህ። ያ ክንፍ ያለው... እውነቱን ንገረኝ፣ መልአክ ነው አይደል?»

«እትዬ፣ እርስዎ ጣዖት ብትሆን ይሻላል ብለው አልነበረም?»

«ያን ጊዜ እኮ» አሉ፣ «የምጠብቃት እኔ ነበርኩ።»

ነው እንዳልል አላውቅም፤ አይደለም ለማለት ደግሞ ሆዴ እንቢ አለ።

«ክንፍማ አለው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ጌታ ይመስገን» አሉና ዘጉት።